ሐረር ዙሪያ ማሳ ላላችሁ፦ የዝናብ ደብተር አያያዝ

የሐሮማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ መጨረሻ ደርቆ ከብት ሲሰማራበት አይቻለሁ። ከዓመታት በኋላ ውሃው ሲመለስም አይቻለሁ። መጉደል የጀመረው መቼ እንደሆነ ግን ሰፈራችን ውስጥ አምስት ሰው ብጠይቅ አምስት የተለያየ ዓመት ነገሩኝ። እኔም ብሆን እርግጠኛ አልነበርኩም። በዓይናችን ፊት የሆነውን እንኳ እንዲህ ከረሳን ብዬ ነው ደብተር የገዛሁት።

አያያዙ ቀላል ነው። ከአፉ እስከ ታቹ ስፋቱ እኩል የሆነ ጣሳ ፈልጉ፤ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ይበቃል። ከጣሪያና ከዛፍ አርቃችሁ ገላጣ ቦታ ላይ አስቀምጡት፤ ንፋስ እንዳይጥለው ዙሪያውን በድንጋይ ደግፉት። በየቀኑ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ማስመሪያ ቀጥ አድርጋችሁ አስገቡና ውሃው የደረሰበትን ሚሊ ሜትር አንብቡ፤ ከዚያ ድፉት። የማስመሪያው ዜሮ ከጫፉ ገባ ብሎ ከተጻፈ ትርፉን ቁረጡ፣ አለዚያ ሁልጊዜ አሳንሳችሁ ታነባላችሁ። 1 ሚሊ ሜትር ማለት በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ 1 ሊትር ውሃ ነው። ባይዘንብም 0 ብላችሁ ጻፉ። ባዶ የተተወ ቀን በኋላ ሲታይ ሰማዩ ደርቆ ይሁን እናንተ ረስታችሁ አይለይም።

የጣሳው ቁጥር ብቻውን ግን አያዘራም። ይህን የተማርኩት ከስሬ ነው። አንድ ዓመት መጋቢት ላይ ሁለት ቀን አከታትሎ ዘነበ፤ ጣሳው 14 ሚሊ ሜትር ያዘ። በልግ ገባ ብዬ ማሽላዬን ዘራሁ። ከዚያ በኋላ 19 ቀን ጠብታ አልወረደም። ቡቃያው ቅጠሉን ጠቅልሎ እንደ መርፌ ቆመ፣ ከዚያ ከጫፉ እየነጣ ደረቀ። ጎረቤቴ አባባ መጥተው አዩና የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ልጄ፣ ቆፍረሽ አይተሽ ነበር?»

አሁን ዶማዬን ይዤ ሦስት ቦታ ሳልቆፍር አልዘራም፦ ከማሳው ራስጌ፣ ከመሃል፣ ከእርከኑ ሥር። የጉድጓዱን ግድግዳ ከላይ ወደ ታች በጣቴ እዳስሳለሁ። ላዩ ጥቁርና ቀዝቃዛ ሆኖ ትንሽ ወረድ ሲል ለብ ያለ፣ የገረጣ አፈር ካገኘሁ ዝናቡ ገና አልዘለቀም። እርጥበቱ አንድ ስንዝር ሙሉ መውረድ አለበት። ከዚያ ጥልቀት እፍኝ አፈር አውጥታችሁ ጨብጡና እጃችሁን ክፈቱ፤ ተያይዞ ከቀረ ዝሩ፣ እንደ ዱቄት ከፈሰሰ ጠብቁ። የሦስቱንም ጉድጓድ ልኬት ከዝናቡ ቁጥር ጎን ጻፉ። ባሕረ ሐሳቡ፣ የቤተ ክርስቲያኑ የዘመን ቀመር፣ ጸደይን ከመጋቢት 26 ይጀምራል፤ የእኔ ማሳ ግን አንዳንድ ዓመት ሚያዝያ አጋማሽ ድረስ አያስዘራም።

ከገጹ ግርጌ ሁለት መስመር ለዓይናችሁ ተዉ። እኔ ክንፍ ያወጣ ምስጥ የወጣበትን ምሽት፣ አደይ አበባ የፈነዳበትን ቀን እጽፋለሁ። እኛ ጋ ማሽላ ሲዘራ ዘሩን አብዝተን ነው፤ ሲያድግ ለማሳሳት የምንነቅለው ለበሬ መኖ ይሆናል፣ የሐረር ሰንጋም የሚደልበው በዚህ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን ሸክም ለበሬው ያቀረብኩበትን ቀን አልዘልም። ልጆች ጥንቅሽ መምጠጥ የጀመሩበትንም፣ ማማ ላይ ወጥተን በወንጭፍ ወፍ መጠበቅ የጀመርንበትንም እንዲሁ። ድሬዳዋ ዘመድ ካላችሁ እሱም ይመዝግብ። የደንገጎን ቁልቁለት ወርዶ ያለው ቆላ ነው፤ የእኛን ቀን ለእሱ መገልበጥ አያዋጣውም።

ሦስት ዓመት ሲሞላ የሦስቱን ሚያዝያ ገጾች ጎን ለጎን ዘርጉ። የእኔ ሦስተኛው ከመጀመሪያው 11 ቀን ዘግይቶ ነበር የተዘራው፤ የተሻለውን ምርት ያገኘሁትም ያን ዓመት ነው።

በእርሳስ ጻፉ፤ እስክሪብቶ እርጥብ ወረቀት ላይ አይይዝም። የእኔ ደብተር ከነእርሳሱ በክር ታስሮ ከበሩ ጀርባ ሚስማር ላይ ይንጠለጠላል፤ ጣሳውን ለማየት ስወጣ እጄ መጀመሪያ የሚነካው እሱን ነው።