ሁሉም ልክ ነው፣ ግን ልብ አይነካም፦ ስሜት ያጣ ሙዚቃ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

ኖታው አልተሳተም፣ ምቱ አልተዛነፈም፣ ድምፃዊውም ከቅኝቱ አልወጣም። ሆኖም ሙዚቃው ተሰምቶ ሲያልቅ ልብ እንደነበረ ነው። ይህን ችግር ከባድ የሚያደርገው የሚታረም ስሕተት አለመኖሩ ነው። እኔም ኮምፒውተር ላይ ቅንብር ስጀምር ጥፋቱን ሁሉ ዜማው ላይ እየጣልኩ ብዙ ጥሩ ዜማዎችን አባክኛለሁ። አሁን ዜማውን ከመንካቴ በፊት ሌሎች ነገሮችን እፈትሻለሁ።

ስትፈትሹ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ። አዲሱንና የቀድሞውን ስታወዳድሩም የሁለቱ ድምፅ መጠን እኩል ይሁን። ጎላ ብሎ የሚሰማው ባይሻልም የተሻለ ይመስላልና።

ምልክት፦ ማሽን የተጫወተው ይመስላል

ምክንያቱ በአብዛኛው ሁለት ነው። ፕሮግራሙ እያንዳንዱን ምት ጎትቶ በትክክለኛው የጊዜ መስመር ላይ አስቀምጦታል፤ የምቶቹም ጥንካሬ አንድ ዓይነት ሆኗል። በሚዲ (ኮምፒውተርና የሙዚቃ መሣሪያ በሚግባቡበት ቋንቋ) የአንድ ኖታ ጥንካሬ ከ1 እስከ 127 ይለካል፤ ሁሉም 100 ላይ ከቆመ ጆሮ ከጥቂት ሴኮንዶች በኋላ መከታተሉን ይተዋል።

ከሃይ ሃቱ፣ ማለትም ከድራሙ ጥንድ ሳህኖች ጀምሩ። ስምንት ተመሳሳይ ምቶች ካሉ የመጀመሪያውን 95፣ ቀጣዩን 60፣ ሦስተኛውን 80፣ አራተኛውን 55 አድርጉና ድገሙት። ምንም ኖታ ሳይጨመር ምቱ መራመድ ይጀምራል። ቀጥሎ ወደ ስኔሩ፣ ሹል ድምፅ ወዳለው ከበሮ ሂዱ። በደቂቃ 90 ምት በሚሄድ ሙዚቃ አንድ ምት 667 ሚሊ ሴኮንድ ያህል ይወስዳል። ባስ ድራሙን (ትልቁን ወፍራም ከበሮ) በቦታው ትታችሁ ስኔሩን ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሴኮንድ ብታዘገዩት ሙዚቃው ዘና ይላል፤ ያንኑ ያህል ብታስቀድሙት ይቸኩላል፣ ወደፊት ይገፋል። አድማጭ መዘግየቱን ለይቶ ላይሰማው ይችላል፤ ሰውነቱ ግን ያውቀዋል።

ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ምቶቹን በዘፈቀደ የሚበትነውን ቁልፍ ተጭነው ሰው የተጫወተው እንዲመስል ይጠብቃሉ። ጥሩ ድራመኛ በዘፈቀደ አይዘገይም፤ የሚዘገየው ሁልጊዜ በአንድ ቦታና በተቀራራቢ መጠን ነው። ስሜቱን የሚፈጥረው ያ ጽናት ነው፤ የተበተነ ምት ልምምድ ያልበቃው ተጫዋች ብቻ ነው የሚመስለው።

ምልክት፦ ዜማው አሳዛኝ ነው፣ ኀዘኑ ግን አይሰማም

«ማይነር ነው እኮ!» ይባላል፤ ማይነር ብዙ ጊዜ ከኀዘን ጋር፣ ሜጀር ከደስታ ጋር ይያያዛልና። በሜጀርና በማይነር ኮርድ (አብረው በሚሰሙ ኖታዎች) መካከል ያለው ልዩነት የመካከለኛዋ ኖታ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ማለት ብቻ ነው። ያቺ ግማሽ ድምፅ ፍጥነቱን፣ ከፍታውንና የመሣሪያዎቹን ጩኸት ብቻዋን አታሸንፍም። ፈጣንና ኃይለኛ ማይነር ቁጣ ይሆናል፤ ብዙ ጊዜም ጭፈራ ይሆናል። ያዘነ ሰው ሲናገር ስሙት፦ ቀስ ይላል፣ ድምፁ ዝቅ ይላል፣ ጥራቱ ይደበዝዛል። ጆሮ ከሙዚቃም የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ፍጥነቱን በደቂቃ ከ8 እስከ 10 ምት ቀንሱ፣ ለድምፃዊው የሚመች ከሆነ ቅኝቱን አንድ ሙሉ ድምፅ ዝቅ አድርጉ፣ የሚያብረቀርቁትን ቀጫጭን ድምፆች አደብዝዙ።

ይህ ካልበቃ ዜማው ተሻግሮ የሚያርፍበትን መንገድ ተመልከቱ። እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ምሁር ጆን ስሎቦዳ እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተሙት ጥናት አድማጮችን ከሙዚቃው የትኛው ቦታ እንዳስለቀሳቸው ጠይቀው ነበር። ከእንባ ጋር ደጋግሞ የተገናኘው ከኮርዱ ጋር የምትጋጭ ኖታ በምቱ ላይ ተደግፋ ቆይታ ወደ ማረፊያዋ የምትወርድበት ቦታ ነው። ኪቦርድ ካላችሁ አሁኑኑ ሞክሩት። በግራ እጅ ዶ፣ ሚ፣ ሶልን ያዙ፤ በቀኝ እጅ ከፍ ብላችሁ ፋን ምቱ ላይ ተጫኑ፣ ትንሽ አቆዩት፣ ከዚያ ወደ ሚ ውረዱ። በሁለቱ መካከል ያለው እንደ መቃተት የሚሰማ ነገር፣ ስትፈልጉት የነበረው እሱ ነው። በቀጥታ ሚ ላይ የሚያርፉ ዜማዎች ይህን ዘልለውታል።

ምልክት፦ አዝማቹ ሲመጣ ምንም አይከፈትም

አዝማቹ ላይ ሌላ መሣሪያ አትጨምሩ። ችግሩ ከእሱ በፊት ያለው ክፍል ሞልቶ ማደሩ ነው። ከመጀመሪያው ክፍል ቤዙን ወይም አንዱን ኪቦርድ አውጡ፤ አዝማቹ ሊገባ ግማሽ ምት ሲቀረው ሁሉንም ዝም አሰኙ። ኮምፕረሰሩ (የድምፅን መጠን የሚያቀራርበው መሣሪያ) ደካማውንና ብርቱውን ድምፅ እኩል አድርጎት ከሆነም ጫናውን ቀንሱ።

ምልክት፦ ድምፃዊው ጥሩ ይዘፍናል፣ ግን ከመስታወት ጀርባ ያለ ይመስላል

ሪቨርብ (በሰፊ ክፍል እንደሚሰማው ያለ ማስተጋባት) ከበዛ ድምፁ ይርቃል፤ ይህ ቀላሉ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ ጽዳት ነው። አንድ ጊዜ የአንዲት ድምፃዊትን ቅጂ ሳጸዳ በስንኞቹ መካከል ያሉትን ትንፋሾች በሙሉ ቆርጬ አወጣሁ። ውጤቱ ንጹሕ ነበር፤ መዝሙሩ ግን ሞተ። ምን እንደጎደለ ለማወቅ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ከሦስተኛው ስንኝ በፊት የነበረችውን አንዲት አጭር ትንፋሽ ስመልስ፣ የሚቀጥለው ቃል ከባድ መሆኑ ገና ሳይነገር ተሰማ።

የድምፅ ማረሚያ ፕሮግራሞችም እንዲሁ ናቸው። የድምፃዊ ርግብግቢት (ቫይብራቶ) በአብዛኛው በሴኮንድ ከ5 እስከ 7 ጊዜ ይወዛወዛል፤ ማረሚያው በኃይል ከተጫነ ይህንንም፣ ከኖታ ወደ ኖታ የሚደረገውን መንሸራተትም ይላጨዋል። በእርግጥ የተሳተችውን ኖታ ብቻ አርሙ፣ ሌላውን ተዉት።

ምልክት፦ ትናንት ያስለቀሰኝ ዛሬ ባዶ ሆነብኝ

ሙዚቃው ላይበላሽ ይችላል። ስሜት የሚሠራው በመጠበቅ ጭምር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣ የአንጎል ጥናት ሙዚቃው ጫፍ ላይ ሲደርስ ብቻ ሳይሆን ከመድረሱ በፊትም ዶፓሚን የተባለው ከደስታ ጋር የሚያያዝ የአንጎል ኬሚካል እንደሚለቀቅ ታይቷል። አንድን ቦታ አርባ ጊዜ ደጋግሞ የሰማ አቀናባሪ ግን የሚጠብቀው ነገር አልቆበታል። ፋይሉን ዝጉት፣ አንድ ሳምንት አትስሙት። ከዚያ ሌላ ሥራ እየሠራችሁ ከሌላ ክፍል ይጫወት፤ እጃችሁ ሥራውን የሚያቆምበት ቦታ ካለ ያንን ቦታ አትንኩት።