ጦስኝ፦ አለቃቀሙ፣ አደራረቁና አጠቃቀሙ

ጦስኝ በመንዝ፣ በጣርማበር፣ በሰሜንና በባሌ ተራሮች፣ በድንጋያማ ቦታ መሬቱን ተጠግቶ የሚበቅል ትንሽ ቁጥቋጦ ነው። መዓዛውን የሚሰጡት ታይሞልና ካርቫክሮል የተባሉት በቅጠሉ ዘይት ውስጥ የሚገኙ ንጥረ ነገሮች ሲሆኑ፣ በሙቀት በቀላሉ ስለሚተኑ፣ ከለቀማው ጀምሮ እስከ ስኒው ድረስ ዋናው ጥንቃቄ ይህን ዘይት አለማባከን ነው።

ሲለቀም ለስላሳውን ጫፍ ብቻ በመቀስ ወይም በማጭድ መቁረጥ እንጂ ከነሥሩ መንቀል ፈጽሞ አይገባም። ገበያ ላይ ሥሩ አፈር እንደያዘ የታሰረ ጦስኝ ባየሁ ቁጥር ያሳዝነኛል፤ የተነቀለው መልሶ አያቆጠቁጥምና። የሚገዛው የደረቀ ከሆነ ጥቂት ቅጠል በጣት አሽቶ ማሽተት ይበቃል፦ ሽታው ወዲያው አፍንጫን ካልነካ ቆይቷል ማለት ነው።

እርጥቡን ጦስኝ አጥቦና አንጠፍጥፎ በሰፌድ ላይ ሳሳ አድርጎ በማስጣት፣ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ሥር ማድረቅ ያስፈልጋል፤ ፀሐይ ላይ የዋለ ጦስኝ ቀለሙም ሽታውም ይለቀዋል። ሲደርቅ ቅጠሉን ከእንጨቱ አራግፎ ክዳኑ በሚገጥም ጠርሙስ ማስቀመጥ ነው።

ለሻይ፣ ውኃው ከፈላ በኋላ ከእሳት አውርዶ ለአንድ ስኒ አንድ የሻይ ማንኪያ ደረቅ ቅጠል መጨመርና ለአምስት ደቂቃ ያህል መክደን ይገባል። ብዙ ሰው ከነቅጠሉ ሲያንተከትከው ቤቱ በመዓዛ ይሞላል፤ ያ መዓዛ ግን ከስኒው የሸሸ ነው። ለጉንፋንና ለሳል ማር ጨምረው ትኩሱን ይጠጡታል፤ ለሆድ ቁርጠትም ይፈለጋል። የደም ግፊትን ያወርዳል ተብሎም በሰፊው ስለሚጠጣ፣ የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ለሐኪሙ ሳይነግር አዘውትሮ ሊጠጣው፣ ይልቁንም መድኃኒቱን ትቶ በሻይ ሊተካው አይገባም። ነፍሰ ጡርም ብትሆን ሐኪም ማማከር አለባት።

በወጥ ቤት የጦስኝ ዋና ቦታው ሽሮ ነው። የታመሰውና የተከካው አተር በደንብ ከቀዘቀዘ በኋላ ከኮረሪማ፣ ከነጭ አዝሙድና ከበሶብላ ጋር ተቀላቅሎ ይፈጫል። እኔ ለአንድ ኪሎ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የጦስኝ ቅጠል እጨምራለሁ፤ ከዚያ ከበለጠ ወጡን ያመርረዋል። ጦስኙን ከአተሩ ጋር ማመስ ግን አይገባም፤ ምጣዱ ላይ ካረፈ ለወፍጮው የሚተርፈው ገለባው ብቻ ነው።