«ብርሃኑ ፕሮቶኑን ይገፋዋል» እና ሌሎች ስህተቶች

ጎንደር ውስጥ ፔታዋት (ሚሊዮን ቢሊዮን ዋት) ሌዘር የለም። ባይኖርም፣ እዚህ ያለ የፊዚክስ ተማሪ ለመመረቂያ ጽሑፉ በሌዘር ፕሮቶን ማፍጠንን ቢመርጥ ደስ ይለኛል። ስሌቱ በወረቀት ይሠራል፤ ሲሙሌሽኑም (ሙከራውን ኮምፒውተር ላይ ማስመሰል) በነፃ በሚገኙ ሶፍትዌሮች ይሞከራል። ችግሩ፣ አጫጭር ዜናዎች ነገሩን ከልክ በላይ አቅልለው ስለሚያቀርቡት ብዙ ሰው ገና ከመነሻው ይሳሳታል።

ነገሩ ባጭሩ ይህ ነው። እጅግ አጭር የሌዘር ምት ስስ ፎይል ላይ ይተኮሳል። ከፎይሉ ጀርባ ፕሮቶኖች ይፈተለካሉ። ፎይሉ ፒያሳ ሱቅ ከምትገዙት የምግብ መጠቅለያ ብዙም አይለይም። የወጥ ቤቱ ውፍረት 15 ማይክሮሜትር ገደማ ነው፤ ለሙከራ ደግሞ ብዙውን ጊዜ 10 ማይክሮሜትርና ከዚያ በታች የሆነ ይውላል።

«ብርሃኑ ፕሮቶኑን ይገፋዋል»

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ፕሮቶን ከኤሌክትሮን 1,836 ጊዜ ይከብዳል። የሌዘሩ የኤሌክትሪክ መስክ ደግሞ በሰከንድ ከመቶ ትሪሊዮን ጊዜ በላይ ይገለባበጣል። ፕሮቶኑ ገና ሳይነቃነቅ መስኩ አቅጣጫ ቀይሯል። ቀላሉ ኤሌክትሮን ግን ይከተለዋል። ብርሃኑ በካሬ ሴንቲሜትር 10¹⁸ ዋት ሲደርስ ኤሌክትሮኖቹ ወደ ብርሃን ፍጥነት ይጠጋሉ፣ ፎይሉን ሰንጥቀው በጀርባ ይወጣሉ። የቀረው ፎይል አዎንታዊ ቻርጅ ስላለው መልሶ ይስባቸዋል። ስለዚህ ርቀው አይሄዱም፤ ከጀርባው ላይ እንደ ደመና ያንዣብባሉ። በደመናውና በፎይሉ መካከል በሜትር ትሪሊዮን ቮልት የሚደርስ መስክ ይፈጠራል። ፕሮቶኑን የሚነቅለው ይህ መስክ ነው።

ማስረጃ ከፈለጋችሁ፣ በ2000 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ በሚገኘው የሎውረንስ ሊቨርሞር ቤተ ሙከራ የታየውን ተመልከቱ። ሌዘሩን ጀርባው ሽብልቅ በሆነ ኢላማ ላይ ተኮሱት። ሁለት የፕሮቶን ጨረሮች ወጡ፤ እያንዳንዱም ከአንዱ የጀርባ ገጽ ቀጥ ብሎ። ብርሃኑ ቢገፋቸው ኖሮ ወደ ሁለት የሚከፈሉበት ምክንያት አልነበረም።

«ፕሮቶኖቹ ከብረቱ ይወጣሉ»

እዚህ የሚፈተለከው ፕሮቶን ኤሌክትሮኑን ያጣ ሃይድሮጅን ነው። ወርቅ ውስጥ ሃይድሮጅን የለም፤ የወርቅ ፎይል ግን ፕሮቶን ይሰጣል። ከየት አምጥቶ? ከቆሻሻው! ማንኛውም ገጽ ላይ ስስ የውሃና የዘይት ነክ ሞለኪውሎች ሽፋን አለ። አየሩን መጥጣችሁ ብታወጡት እንኳ ሽፋኑ ተመልሶ ይለብሳል። ከዚህ ሽፋን የሚወጣው ሃይድሮጅን ከሁሉም ቀላል ስለሆነ ቀድሞ ይፈተለካል። ፎይሉ በሙቀት ሲጸዳ ደግሞ ተራው የከባዶቹ ይሆናል፤ እንደ ካርቦን ያሉ አየኖች (ኤሌክትሮን ያጡ አቶሞች) በደንብ ይፈጥናሉ። አንድ ረቂቅ ላይ «ፎይሉ ፍጹም ንጹሕ መሆን አለበት» የሚል ካያችሁ፣ ጸሐፊው የፕሮቶኑን ምንጭ ሊያጥብ ነው ማለት ነው።

«ሌዘሩ ብዙ ኤሌክትሪክ ይበላል፣ ጉልበቱ እንደ መብረቅ ነው»

ጉልበት (በጁል የሚለካው) እና ኃይል (ጉልበቱ በየሰከንዱ የሚለቀቅበት መጠን፣ በዋት የሚለካው) ተቀላቅለዋል። 30 ጁል በ30 ፌምቶሰከንድ (አንዱ የሰከንድ ሚሊዮን ቢሊዮንኛ ነው) ከተለቀቀ 1 ፔታዋት ነው። 30 ጁል ማለት 3 ኪሎ ጤፍ 1 ሜትር ከፍ ለማድረግ የሚበቃ ነው። ተአምሩ ያለው በጊዜው ማጠር ነው። ይህን ያስቻለውን የምት ማጉያ ዘዴ በ1985 ያሳዩት ዶና ስትሪክላንድና ዤራር ሙሩ በ2018 ኖቤል ተሸልመውበታል።

«ፎይሉ በቀጠነ ቁጥር ይሻላል»

እስከ ተወሰነ ድረስ ልክ ነው። ነገር ግን ከዋናው ምት በፊት ደካማ ብርሃን ሾልኮ ይመጣል። ዋናው በካሬ ሴንቲሜትር 10²¹ ዋት ከሆነና ቀዳሚው መቶ ሚሊዮን ጊዜ ቢያንስ እንኳ 10¹³ ይቀራል፤ ይህም ገጹን ፕላዝማ (ኤሌክትሮኖቹ ከአቶሞቹ የተላቀቁበት ትኩስ ጋዝ) ለማድረግ ይበቃል። በጣም ስስ ፎይል ዋናው ምት ሳይደርስ ይፈርሳል። ለዚህ ነው የፕላዝማ መስታወት የሚጠቀሙት፤ ደካማውን ያሳልፋል፣ ብርቱውን ያንጸባርቃል።

«58 ማለት ሁሉም 58 ነው»

ሊቨርሞር የተለካው ከፍተኛ ጉልበት 58 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት (የቅንጣቶች ጉልበት መለኪያ) ነበር። ይህ የጥቂቶቹ ጣሪያ ነው፤ አብዛኛው ፕሮቶን ከዚያ በጣም ያንሳል።

«ነገ ካንሰር ያክማል»

ጎንደር ዩኒቨርሲቲ በ1954 እ.ኤ.አ. በጤና ኮሌጅነት ስለጀመረ ይሁን አይሁን እንጃ፣ እዚህ ፊዚክሱም ወሬው ከሕክምና አይርቅም። ክፋት የለውም፣ ግን ልኩን እንወቅ። 58 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ያለው ፕሮቶን ውሃ ውስጥ 3 ሴንቲሜትር ገደማ ብቻ ይገባል። ለሕክምና ከ70 እስከ 250 ሚሊዮን ያስፈልጋል፤ ጉልበቱ የተመጠነና በየተኩሱ የማይለዋወጥ መሆን አለበት። ጀርመን ድሬስደን ያሉ ተመራማሪዎች በ2024 ወደ 150 ሚሊዮን መድረሳቸውን አሳትመዋል፤ እዚያው በ2022 የታተመ ጥናትም አይጥ ላይ ያለ ዕጢን በሌዘር በተፈተለኩ ፕሮቶኖች ጨረር መትቷል። ሆስፒታል ለመግባት ግን ገና መንገድ አለው።

«ሲሙሌሽኑ ስላሳየው እውነት ነው»

ይሄ ለእኛ ነው። ኢፖክና ስማይሊ (EPOCH፣ Smilei) የተባሉት የሲሙሌሽን ሶፍትዌሮች በነፃ ይገኛሉ። ሆኖም ጀርባው ላይ የሃይድሮጅን ሽፋን ካላስቀመጣችሁ ፕሮቶን አትጠብቁ። ሶፍትዌሩ ቦታውን የሚከፋፍልበት ጥልፍ (ግሪድ) ክፍሎች ሰፊ ከሆኑ ፕላዝማው በሐሰት ይሞቃል፤ ለጠጣር ፎይል ጥቂት ናኖሜትር ድረስ መውረድ አለባችሁ። ከሁሉ የባሰው፣ ላፕቶፕ ሦስቱን አቅጣጫ (3D) ስለማይችል በሁለት አቅጣጫ (2D) ብቻ ሠርቶ ከሙከራ ጋር ማወዳደር ነው። በሁለት አቅጣጫ መስኩ በርቀት ቶሎ ስለማይዳከም ከፍተኛው ጉልበት ተጋንኖ ይወጣል። ቁጥሩን ስትጽፉ ይህን አብራችሁ ጻፉ። ሶፍትዌሩም የደረሰበትን በየጊዜው ዲስክ ላይ እንዲያስቀምጥ እዘዙት፤ መብራት ሲሄድ ካቆመበት ይቀጥላል።