የሌሊት ወፍ ቤት ስትገባ፣ መሬት ላይ ስትወድቅ፣ በበረዶ ስትበር፦ ችግርና መፍትሄ

ሀገር ቤት ያደግን ሰዎች የእብድ ውሻ በሽታን የምናውቀው በውሻ ነው። ልክ ነን፤ ኢትዮጵያ ውስጥ በሽታው ሰው ላይ የሚደርሰው በአብዛኛው በውሻ ንክሻ ነው። አሜሪካ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ውሾቹ ስለሚከተቡ፣ በበሽታው ከሚሞቱት ጥቂት ሰዎች አብዛኞቹን የሚይዛቸው ከሌሊት ወፍ ነው። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ አሮጌ ቤት የገዛችሁ ወገኖች ደግሞ፣ ጣሪያችሁ ሥር ሳታውቁት ታድር ይሆናል። ስለዚህ የሚታየውን ምልክት እያነሳን ምን ማድረግ እንዳለባችሁ እንይ።

ጠዋት ስትነሱ መኝታ ቤት ውስጥ የሌሊት ወፍ አለች

ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ቀላል ነው፤ መንገድ ስታ ነው የገባችው። በብርዱ ወራት እንኳ ጣሪያ ሥር የተኛች ወፍ፣ ሙቀቱ ሲለዋወጥ ነቅታ ወደ ሳሎን ልትወርድ ትችላለች። ምናልባትም ጤነኛ ናት። በዱር ካሉት ውስጥ በሽታው ያለባቸው ከመቶ አንድ እንኳ አይሞሉም። ለምርመራ ከሚላኩት ግን ከመቶ ስድስት ያህሉ ላይ ይገኛል፤ የሚላኩት የታመሙትና የወደቁት ናቸውና።

የሚያሳስበው ጥርሷ ነው። በጣም ትንሽ ስለሆነ፣ የተኛ ሰው ስትነክሰው ላይነቃ ይችላል። ቆዳው ላይም የሚታይ ነገር ላይኖር ይችላል። ስለዚህ ክፍሉ ውስጥ ተኝቶ የነበረ ሰው፣ ብቻውን የነበረ ሕፃን፣ ወይም መጠጥ ጠጥቶ ራሱን የማያውቅ ሰው ካለ፣ «አልነከሰችኝም» ማለት አይበቃም።

መስኮት ከፍቶ ማባረር የሁላችንም የመጀመሪያ ሐሳብ ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ ግን ትልቁ ስህተት እሱ ነው። ወፏ ከሄደች መመርመር አይቻልም። ካልተመረመረች ደግሞ ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሁሉ መከተብ ሊኖርባቸው ነው። ተመርምራ ነፃ ከሆነች ግን መርፌው ይቀራል።

አያያዙ እንዲህ ነው። በሩን ዝጉና ግድግዳ ወይም መጋረጃ ላይ እስክታርፍ ጠብቁ። ወፍራም የቆዳ ጓንት አድርጉ። ባዶ የቡና ቆርቆሮ ወይም ትንሽ ካርቶን በቀስታ ክደኑባት። ከዚያ ጠንካራ ወረቀት በቆርቆሮውና በግድግዳው መሀል አሾልኩ፤ ዙሪያውን በፕላስተር አሽጉ፤ አየር እንዲገባ ትንንሽ ቀዳዳ ብሱ። በመጥረጊያ አትምቷት። ምርመራው የሚሠራው ከአንጎሏ ስለሆነ ጭንቅላቷ መጎዳት የለበትም። ከሞተች ቀዝቃዛ ቦታ አቆዩአት፤ በረዶ ቤት ግን አታስገቧት። ወዲያው ለአካባቢያችሁ ጤና ቢሮ ደውሉ።

ሁላችሁም ነቅታችሁ ስትገባ አይታችኋት፣ ማንንም እንዳልነካች እርግጠኛ ከሆናችሁ ግን ሌላ ነው። የውስጡን በር ዝጉ፣ መብራት አጥፉ፣ መስኮት ክፈቱ። ራሷ ትወጣለች።

ነክሳኛለች፣ ወይም በባዶ እጄ ነካኋት

ቦታውን አሁኑኑ በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡ። ከዚያ ሐኪም ቤት። ብዙዎቻችን የምንፈራው ሀገር ቤት ሆድ ላይ በተከታታይ ይወጋ የነበረውን መርፌ ነው። የአሁኑ እንደዚያ አይደለም። ከዚህ በፊት ላልተከተበ ሰው ክንድ ላይ አራት ጊዜ ይሰጣል፦ በመጀመሪያው ቀን፣ ከዚያ ከመጀመሪያው መርፌ 3፣ 7 እና 14 ቀን በኋላ። በመጀመሪያው ቀን ከክትባቱ ጋር፣ ቁስሉ ካለበት ቁስሉ ዙሪያ የሚወጋ ተጨማሪ መድኃኒት አለ።

ዋጋው አሜሪካ ውስጥ ውድ ነው፤ ኢንሹራንስ የሌለው ሰው ቢያመነታ አይገርምም። እባካችሁ ሂሳቡን ፈርታችሁ አትቆዩ፤ ስለ ክፍያው ጤና ቢሮውን ጠይቁ። ጠበልም የሚጠመቅ ይጠመቅ፤ መርፌው ግን ይቅደም። ምልክቱ አንዴ ከጀመረ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። በ2021 መጸው አሜሪካ ውስጥ ሦስት ሰዎች ከሌሊት ወፍ በመጣ በሽታ ሞተዋል። አንደኛው፣ ወፏ ተመርምራ በሽታው እንደተገኘባት ተነግሮት ነበር። ክትባት ስለሚፈራ እምቢ አለ። ሌሎቹ አደጋውን ከነጭራሹ አልገመቱትም። ሦስቱም በጊዜው ቢከተቡ ኖሮ ሊድኑ ይችሉ ነበር፤ የሚያሳዝነውም ይኼ ነው።

በቀን መሬት ላይ ወድቃ አገኘኋት

የእብድ ውሻ በሽታ የያዛት ወፍ ሁልጊዜ ቁጡ አትሆንም። ብዙ ጊዜ ትደክማለች፣ ክንፏ ይከዳታል፣ ዝም ብላ ትጋደማለች። ልጆች «ታሳዝናለች» ብለው የሚያነሱት እንዲህ ያለችውን ነው። ብርድ ወይም ጥማት ያደከማት፣ ወይም ገና መብረር ያልቻለች ጫጩትም ልትሆን ትችላለች። በዓይን መለየት አይቻልም። ልጆችንና ውሻውን አርቁ፣ ባልዲ ክደኑባት፣ የዱር እንስሳት ተንከባካቢ ጥሩ።

በበረዶ ወቅት በቀን ትበራለች፤ አፍንጫዋ ነጭ ነው

ይህ ለእናንተ አያሰጋም። ለእሷ ግን ከሁሉ የከፋው ነው። «ነጭ አፍንጫ» የሚባለውን በሽታ የሚያመጣው ብርድ የሚወድ ፈንገስ ነው፤ ከ20 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ አያድግም። ስለዚህ የሰው ገላ አይስማማውም። የሌሊት ወፍ ግን ክረምቱን ዋሻ ውስጥ ስትተኛ ገላዋ እንደ ዋሻው ይቀዘቅዛል። ያኔ ፈንገሱ አፍንጫዋና ክንፏ ላይ ይበቅላል፣ ቆዳዋን ይበላል፣ ደጋግሞም ይቀሰቅሳታል። በነቃች ቁጥር ለክረምቱ ያጠራቀመችው ስብ ይነዳል። ሲያልቅባት ነፍሳት በሌሉበት ብርድ ምግብ ፍለጋ ትወጣለች። በቀን የምታዩአት ለዚህ ነው።

በሽታው አሜሪካ ውስጥ መጀመሪያ የታየው በ2006 ኒው ዮርክ ግዛት፣ ኦልባኒ አቅራቢያ ባለ ዋሻ ነው። ቨርጂኒያ በ2009፣ ዋሽንግተን ግዛት በ2016 ደረሰ። የአውሮፓ የሌሊት ወፎች ፈንገሱን ይዘውት እንዲህ አያልቁም። የአሜሪካዎቹ ግን አያውቁትም ነበር፤ ሦስት ዝርያዎች አሥር ዓመት ባልሞላ ጊዜ ከመቶ 90 በላይ አልቀዋል። በየሌሊቱ ስንት ነፍሳት ይበሉልን የነበሩ እንስሳት ናቸው!

ወፏን ይዛችሁ ልታክሟት አትችሉም። ቦታውንና ቀኑን መዝግባችሁ፣ ከርቀት ፎቶ አንስታችሁ ለግዛቱ የዱር እንስሳት ቢሮ አሳውቁ። የእናንተ ድርሻ ማዛመትን ማስቆም ነው። ፈንገሱ በጫማና በልብስ ይጓዛል፤ በታመመ ዋሻ የለበሳችሁትን ሌላ ዋሻ አትግቡበት። ሙቅ ውሃ የሚችለውን ዕቃ ቢያንስ 55 ዲግሪ ሴልሺየስ በሆነ ውሃ 20 ደቂቃ ዘፍዝፉ። የተዘጋ ዋሻ አትግቡ፤ በተኙበት መቀስቀስ ራሱ ስባቸውን ይጨርሳል።

በጸደይ ክንፏ ላይ ጠባሳ ያለባት ብታዩ ግን ደስ ይበላችሁ፤ ክረምቱን ተርፋለች። ሙቀቱ ሲመጣ ክንፉ ይድናል።

ጣሪያ ሥር ኩሳቸው ተከምሯል

ደረቁን አትጥረጉ። ውስጡ ሳንባ የሚያሳምም ሌላ ፈንገስ ሊኖር ይችላል፤ የሚጎዳችሁም አቧራው ነው። ጭንብል አድርጉና አርጥባችሁ አንሱ፤ ብዙ ከሆነ ለባለሙያ ስጡት። ቀዳዳዎቹን በጁንና በጁላይ አትድፈኑ። ያኔ ጫጩቶቹ ስለማይበሩ ውስጥ ይቀሩና ይሞታሉ። በጋው ሲያልቅ፣ መውጣት እንጂ መመለስ የማያስችል መዝጊያ አስገጥሙ። ሁሉም ከወጡ በኋላ አሽጉት። ድመት ካላችሁ ደግሞ ክትባቷ ጊዜው እንዳላለፈ ዛሬውኑ ተመልከቱ፤ የወደቀች የሌሊት ወፍ ቤት ይዛ የምትገባው ብዙ ጊዜ እሷ ናት።