ከጎረቤቴ ጋራዥ የወጡት ጥይቶች፦ አሮጌ የሾትገን ጥይትና ባሩድ እንዴት ይወገዳል?

የምኖረው ሚኒሶታ፣ ሴንት ፖል ነው። ጎረቤቴ የነበሩት ሽማግሌ አዳኝ ነበሩ። ፊዛንት የሚባለውን፣ ቆቅ የሚመስል ግን ጅራተ ረጅም ወፍ ማደን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ጥቅምት ሲጠባ ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ በሬን ያንኳኳሉ፤ ቴርሞስ ቡና ይዘን ወደ ምዕራብ እንነዳለን። ባለፈው ሰኔ አረፉ። ቀብሩ ካለፈ በኋላ ባለቤታቸው ደወሉልኝ። «ጋራዡ ውስጥ ያለውን የአደን ዕቃ አንተ ታውቀዋለህ፤ እባክህ ናና እየው» አሉኝ።

ሄድኩ። ከመደርደሪያው ሥር 14 ፓኮ የሾትገን፣ ማለትም ደቃቅ የእርሳስ ፍሬ የሚረጨው የአደን ጠመንጃ፣ ጥይት ተደርድሯል። ከጎኑ አንድ የቡና ቆርቆሮ አለ፣ እስከ አፉ ልቅ ጥይት የተሞላ። ሁለት ቆርቆሮ ባሩድም ነበር፤ ሰውዬው ቀለሁን እንደገና እየሞሉ ይጠቀሙ ስለነበር። ጋራዡ ዓመቱን ሙሉ በበጋ ይግላል፣ በክረምት ይበርዳል፣ በረዶ ሲቀልጥ ደግሞ ወለሉ ይረጥባል። ከታች ያሉት ፓኮዎች ሻግተዋል።

ይህን የምጽፈው ልጅ ሳለሁ ባየሁት ነገር ምክንያት ጭምር ነው። ያደግኩት አርሲ፣ አሰላ አጠገብ ነው። በአንድ የቡሄ ዋዜማ ችቦ ለኩሰን ስንጨፍር አንድ የሰፈራችን ልጅ ከአያቱ ሳጥን ያገኘውን አሮጌ ጥይት እሳቱ ውስጥ ጣለው። «አርጅቷል፣ አይሠራም» ብሎ ነበር። ፍንጣሪው የራሱን ግራ ዓይን ወሰደው። ጥይት ከጠመንጃ ውጭ ሲፈነዳ እርሳሱ ከአፈሙዝ እንደወጣ ርቆ አይሄድም። ናሱ ግን ተሰንጥቆ ይበተናል፣ መለኮሻውም ተስፈንጥሮ ይወጣል። ቅርብ ላለ ዓይን ያ ይበቃል። ያረጀ ጥይት የሞተ ጥይት አይደለም። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ እሱን ያዙልኝ።

የሾትገን ጥይት ምን እንደሆነ ላስረዳ። ከታች የናስ ወይም የብረት ቂጥ አለው። መሀሉ ላይ ያለችው ትንሽ ክብ መለኮሻዋ ናት፤ ስትመታ የምትቀጣጠለው እሷ ናት። ከሷ በላይ ባሩዱ፣ ከዚያ ባሩዱን ከእርሳሱ የሚለየው ውታፍ፣ ከዚያ ደቃቅ የእርሳስ ፍሬዎች ይመጣሉ። ይህን ሁሉ የያዘው ቱቦ ዛሬ ፕላስቲክ ነው። ፕላስቲኩ ገበያ ላይ የወጣው በ1960 አካባቢ ነው፤ ከዚያ በፊት የነበረው በሰም የተነከረ ወረቀት ነበር። ወረቀት ደግሞ እርጥበት ይጠጣል፣ ያብጣል። ያበጠ ጥይት ጠመንጃው ውስጥ አይገባም፤ በግድ ከገባም አይወጣም። ከጎረቤቴ 14 ፓኮዎች አምስቱ የወረቀት ነበሩ።

መጀመሪያ ያደረግኩት ጋራዡን በሰፊው ከፍቼ ማናፈስ ነው። የልጅ ልጆቹ ወደ ቤት ገቡ። ሲጋራም፣ ማሞቂያም፣ ብልጭታ የሚያወጣ የኤሌክትሪክ መሰርሰሪያም አጠገቡ እንዳይኖር አደረግኩ። የላስቲክ ጓንት አጠለቅኩ። ከዚያ አንድ በአንድ፣ ሳልወረውር፣ ጠረጴዛ ላይ በሦስት ቦታ ለየኋቸው።

አንደኛው ተተኩሶ ያለቀ ቀለህ ነው። አፉ ተከፍቷል፣ ውስጡ ባዶ ነው፣ ሲያነሡት ይቀላል፣ መለኮሻዋ ላይ የመርፌ ምት ጉድጓድ አለ። ሁለተኛው ደህና የሚመስል ጥይት ነው። ሦስተኛው የተጎዳው፦ አረንጓዴ ዝገት የያዘ፣ ያበጠ፣ የተሰነጠቀ፣ አፉ ላልቶ እርሳስ የሚያፈስ፣ ወይም ቂጡ የተጨፈለቀ። አንድ ዓይነት አለ ሰው የሚሳሳትበት፦ መለኮሻዋ ላይ የምት ምልክት አለ፣ ጥይቱ ግን ከባድ ነው፣ አፉም አልተከፈተም። እሱ ከሽፎ የቀረ ነው። ከቀለህ ጋር እንዳትቀላቅሉት። ሕያው እንደሆነ ቁጠሩት፤ እንዲያውም ከሌላው የበለጠ ተጠንቀቁለት።

ቆርቆሮው ውስጥ 12 ጌጅና 20 ጌጅ ተቀላቅለው አገኘሁ። ጌጅ የጥይቱና የጠመንጃው ውፍረት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ጥይቱ ይቀጥናል። ይህ ራሱን የቻለ አደጋ ነው። 20 ጌጁ ቀጭን ስለሆነ 12 ጌጅ ጠመንጃ ውስጥ ሲከቱት ወደ ፊት ተንሸራቶ አፈሙዙ ውስጥ ይቀረቀራል። ሰውዬው «ባዶ ነው» ብሎ ከኋላው 12 ጌጅ ቢጨምርና ቢተኩስ ብረቱ እጁ ላይ ይፈነዳል። ለዚህ ነው 20 ጌጅ ጥይት ቢጫ ቀለም እንዲሆን የተለመደው። የወረቀቶቹ ግን ከዚያ ልማድ በፊት የተሠሩ ናቸው፤ ቀለማቸውን አትመኑ።

አሁን የሠራሁትን ስህተት ልንገራችሁ። አንድ ወዳጄ «ውኃ ውስጥ ዘፍዝፈው፣ ይሞታል» አለኝ። አሥራ ሁለት ያህል ጥይት ባልዲ ውስጥ ነከርኩ፣ አንድ ሌሊት አደረ። በማግስቱ ወረቀቱ ፈርሶ፣ እርሳሱና ባሩዱ ባልዲው ሥር ተዘርግፎ አገኘሁት። ቂጦቹ ግን መለኮሻቸውን እንደያዙ ነበሩ። ኋላ የተረከበኝ ፖሊስ በግልጽ ነገረኝ፤ ውኃም ሆነ ዘይት ጥይትን ለመግደሉ ዋስትና የለም፣ የፕላስቲኩ ውስጥ ጭራሽ ላይገባ ይችላል፣ የገባበትም ሲደርቅ ሊቀጣጠል ይችላል። በእርሳስ የተበከለውን ውኃም እንደ ቆሻሻ ኬሚካል ለካውንቲው (ለአካባቢው አስተዳደር) ማስረከብ ነበረብኝ። አትዘፍዝፉ። ቀላሉን ነገር አከበድኩት።

ቆሻሻ መጣያ ውስጥም አትጣሉት። የቆሻሻ መኪና የጫነውን ጨፍልቆ ነው የሚያጠጋጋው፤ እዚያ ቢፈነዳ ሠራተኛው ነው የሚጎዳው። አትቅበሩት፤ እርሳሱ አፈር ውስጥ ይቀራል፣ ነገ የሚቆፍር ልጅም ያገኘዋል። በፖስታ አትላኩት፤ የአሜሪካ ፖስታ ጥይት አይቀበልም። እንዲሁም ቱቦውን በቢላዋ ቀዳችሁ «እርሳሱን ለብቻ፣ ባሩዱን ለብቻ» አትበሉ። ልምድ ያላቸው ሰዎች በመሣሪያ ሲያደርጉት አይታችሁ ይሆናል። መለኮሻዋ ግን በመጫንና በመመታት የምትነሣ ነገር ናት። ዝገት ይዟት ደግሞ ምን ያህል እንደምትችል ማንም አያውቅም።

ባሩዱ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ እኔን ከጥይቱ ይልቅ ያስፈራኝ እሱ ነው። ሁለት ዓይነት ነው። ጥቁሩ ባሩድ ከፖታሲየም ናይትሬት፣ ከከሰልና ከድኝ የሚሠራው ጥንታዊው ነው። በትንሽ ብልጭታ ይነሣል፤ ከልብስ የሚወጣ የኤሌክትሪክ ብልጭታ እንኳ ያሰጋል። ሁለተኛው ጭስ አልባ የሚባለው ነው። ፈረንሳዊው ኬሚስት ፖል ቪዬይ በ1884 ከሠራው ወዲህ የጠመንጃው ዓለም በሱ ተተካ። ዋናው ንጥረ ነገሩ ናይትሮሴሉሎስ ነው። ይህ ነገር በተፈጥሮው ቀስ እያለ ይበሰብሳል። ብስባሴውን የሚይዝ ማረጋጊያ ይጨመርበታል፤ ማረጋጊያው ግን በዓመታት ያልቃል፣ ሙቀት ደግሞ ያፋጥነዋል። ማረጋጊያው ሲያልቅ ባሩዱ አሲድ ያለበት ጋዝ ያወጣል፣ ራሱን ያሞቃል፣ ብሶበት ማንም ሳይነካው ሊቀጣጠል ይችላል።

ምልክቱ ይታያል። ክዳኑ አካባቢ የዝገት ቀለም ያለው ብናኝ፣ ከውስጥ ወደ ውጭ የዛገ ቆርቆሮ፣ ቡናማ ቀላ ያለ ጭስ፣ አፍንጫ የሚሰነፍጥ የአሲድ ሽታ። ደህናው ባሩድ እንደ አልኮል ያለ ሽታ ነው ያለው። ለማወቅ ብላችሁ ግን ቆርቆሮ ከፍታችሁ አፍንጫችሁን አትጨምሩ። ከጎረቤቴ ሁለት ቆርቆሮዎች አንዱ ክዳኑ ዙሪያ ቀይ ብናኝ ነበረው። አልከፈትኩትም፣ አላነሣሁትምም። ከጋራዡ ወጥቼ ለእሳት አደጋ ደወልኩ። መጥተው ወሰዱት። ጭስ ወይም ሙቀት ካለው ወደ አሜሪካው የአደጋ ጥሪ ቁጥር 911 ደውሉ፤ ያ አስቸኳይ ነው።

መሬት ላይ የፈሰሰ ባሩድ ካለ በቫኪዩም አትጥረጉ፤ ሞተሩ ብልጭታ አለው። ለስላሳ መጥረጊያና የፕላስቲክ አፈሳ ተጠቀሙ። ወደ ሽንት ቤት አትድፉት፤ ጭስ አልባው ውኃ ውስጥ አይሟሟም። የድሮ አዳኞች «ሜዳ ላይ በስሱ ዘርግተህ አቃጥለው» ወይም «ሣሩ ላይ በትነው፣ ማዳበሪያ ነው» ይሏችኋል። ባሩድ ናይትሮጅን እንዳለው እውነት ነው። እኔ ግን አልመክርም። ባሩድ ሲቀጣጠል ከምትገምቱት በላይ ይፈጥናል፣ በብዙ ከተማ ደግሞ ከቤት ውጭ ማቃጠል ክልክል ነው። አንዳንዱ ባሩድ ናይትሮግሊሰሪን አለው፤ ሣሩ ላይ የሚልስ ውሻ ይታመማል።

ታዲያ ለማን ይሰጣል? አሜሪካ ላላችሁ፣ ለፖሊስ ወይም ለሸሪፍ (ለካውንቲው ፖሊስ) አስቸኳይ ላልሆነ ጉዳይ በሚደወልበት ቁጥር ደውሉ። ብዙ የተኩስ መለማመጃ ሜዳዎችም የከሸፈ ጥይት የሚቀበሉበት ሣጥን አላቸው። የካውንቲው የአደገኛ ቆሻሻ መቀበያ አንዳንዱ ይቀበላል፣ አንዳንዱ አይቀበልም፤ ሳትጠይቁ አትሂዱ። ስትደውሉ አራት ነገር ንገሯቸው፦ ምን እንደሆነ፣ ምን ያህል እንደሆነ፣ የተጎዳ መኖሩንና አሁን የት እንዳለ። እንግሊዝኛው ከከበዳችሁ «አማርኛ አስተርጓሚ» ብላችሁ ጠይቁ፤ በስልክ ያገናኟችኋል። «ራሳችሁ መጥታችሁ መውሰድ ትችላላችሁ?» ብላችሁም ጠይቁ። የተጎዳ ከሆነ ብዙ ጊዜ ይመጣሉ።

አምጡት ካሏችሁ እንዲህ አድርጉ። ደህና የሚመስለውን በራሱ ፓኮ፣ ፓኮው ከበሰበሰ በትንሽ ካርቶን አድርጉ፤ እንዳይንገጫገጭ ጋዜጣ ጠቅጥቁበት። ብርጭቆ ማሰሮና ግጥም ብሎ የሚዘጋ ብረት ሣጥን አይሆንም። ከሚስማር፣ ከመፍቻ፣ ከባትሪ ጋር አታድርጉ። ባሩድ ካለ ለብቻው። በላዩ ላይ በትልቁ ምን እንደሆነ ጻፉበት። መኪናው ኋላ አስቀምጡት፣ ልጅ አታሳፍሩ፣ ገበያ ጎራ ሳትሉ በቀጥታ ሂዱ። ክብደቱንም አትናቁ፤ 32 ግራም እርሳስ የያዙ 25 ጥይቶች ያሉበት አንድ ፓኮ፣ እርሳሱ ብቻ 800 ግራም ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ጥይቱን ይዛችሁ ፖሊስ ጣቢያ አትግቡ። መኪና ውስጥ ቆልፋችሁ፣ ባዶ እጃችሁን ገብታችሁ ንገሯቸው። መጥተው ያነሡታል። እንደኛ ላለ ስደተኛ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። እኔ ስሄድ መኪናዬን ራቅ አድርጌ አቆምኩ፣ የደወልኩበትን ሰዓትና ያነጋገረኝን ሰው ስም በወረቀት ይዤ ገባሁ። አምስት ደቂቃ አልፈጀም።

ጥይት ጠመንጃ ውስጥ ተቀርቅሮ ካገኛችሁ በዘንግ ከአፈሙዙ በኩል አትምቱት። አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አዙራችሁ ተዉት፣ ባለሙያ ጥሩ። አደን ላይ ምላጭ ስባችሁ ድምፅ ከጠፋ ደግሞ ቶሎ አትክፈቱ፤ አፈሙዙን እንዳዞራችሁ ቢያንስ 30 ሰከንድ ቆዩ። ዘግይቶ የሚተኩስ አለ። ድምፁ ደከም ብሎ ከወጣ ውታፉ መሀል ቀርቶ ሊሆን ይችላልና ጠመንጃውን አውርዳችሁ አፈሙዙን ሳታዩ ሌላ አትጨምሩ።

ስትጨርሱ ጓንቱን ጥላችሁ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ ልብሳችሁን ለብቻ እጠቡ። አሮጌ እርሳስ ላይ የሚታየው ነጭ ብናኝ መርዝ ነው፤ ሕፃን ያለበት ቤት በተለይ ተጠንቀቁ።

አገር ቤት ላላችሁም አንድ ቃል። አባት ሲሞት ከሣጥን ሥር የአደን ጥይት የሚያገኝ ቤተሰብ ብዙ ነው። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ጥይትንም ይመለከታል። ጥይቱን ሳትነኩ አንድ የቤተሰብ ሽማግሌ ይዛችሁ ቅርብ ወዳለው ፖሊስ ጣቢያ ሂዱና አመልክቱ፤ ስታስረክቡም የጽሑፍ ማስረጃ ጠይቁ። ውጊያ በነበረባቸው አካባቢዎች ሜዳ ላይ የተገኘ ነገር ግን ሌላ ነው። እሱን መለየትም፣ መጠቅለልም የለም። አትጠጉት፤ ልጆቹን አርቁ፣ ቦታውን ለፖሊስ ንገሩ።

አዳኝ ከሆናችሁ ደግሞ የጃኬታችሁን ኪስ ፈትሹ። አምና ወደ አዲስ አበባ ልበር ሻንጣ ስሸክፍ ከአደን ጃኬቴ የውስጥ ኪስ አንድ ጥይት አገኘሁ። ኤርፖርት ላይ ቢገኝ ማን ያምነኛል? ከዚያ ወዲህ በአደን የለበስኩትን ልብስ ይዤ አልጓዝም።

የጎረቤቴ ባለቤት በመጨረሻ አንዲት ቀይ የወረቀት ጥይት ለማስታወሻ እንዳስቀርላቸው ለመኑኝ። ባለቤታቸው ከጋብቻቸው በፊት የገዟት ናት። አንጀቴን በላኝ፤ ግን አልሰጠኋቸውም፣ ለምን እንደሆነም አስረዳኋቸው። በምትኩ ካልሻገቱት ፓኮዎች አንዱን፣ ፊዛንት የተሳለበትን፣ ባዶ አድርጌ ሰጠኋቸው። ውስጡን ጠራርገው የልብስ ቁልፍና ክር አድርገውበታል። ቡና ልጠጣ ስገባ መስኮቱ ሥር አየዋለሁ።