የዲንግልን ጥንታዊ ድንጋዮች ሳትጣደፉ እንዴት ታያላችሁ?

በአየርላንድ ደቡብ ምዕራብ፣ ኬሪ በሚባለው ካውንቲ፣ ወደ አትላንቲክ ውቅያኖስ እንደ ጣት የተዘረጋ መሬት አለ። ዲንግል ይባላል። ከዲንግል ከተማ ተነስቶ በባሕሩ ዳር ዞሮ እዚያው የሚመልስ ጠባብ መንገድ አለው። ስሌይ ሄድ የሚሉት መንገድ ነው፤ ርዝመቱ 47 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ብዙ ጎብኚ በግማሽ ቀን ዞሮት፣ ፎቶውን አንስቶ ይሄዳል።

እናንተ እንደዚያ አታድርጉ። ገዳም፣ ጠበልና ካብ እያየ ላደገ ሰው ይህ አገር የሚነግረው ብዙ ነገር አለ። አንድ ሙሉ ቀን ስጡት፤ ከቻላችሁ ሁለት። እንዴት እንደሚሆን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

1. ወረቀታችሁን ጨርሱ

አየርላንድ ዩሮ ትጠቀማለች እንጂ የሸንገን አባል አይደለችም። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው በሸንገን ቪዛ አይገባም። የጀርመን፣ የጣሊያን ወይም የእንግሊዝ መኖሪያ ፈቃድም በአብዛኛው ብቻውን አይበቃም። የአየርላንድን ቪዛ ለብቻው ማውጣት ያስፈልጋል። ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ይሄ ይለቅ።

2. ጊዜውን ምረጡ

ከፈረንጆቹ ሜይ እስከ ሴፕቴምበር ጥሩ ነው። በጁን ፀሐይ የምትጠልቀው ወደ ምሽቱ 4 ሰዓት ግድም ነው። ይህ ረጅም ቀን ለጉዟችን ያስፈልገናል፤ ምክንያቱን ወደ ታች ታዩታላችሁ። በክረምታቸው ቀኑ አጭር ነው፣ ጀልባዎች ይቆማሉ፣ አንዳንድ ቦታዎችም ይዘጋሉ። ዝናብ ግን ወር አይመርጥም። ጃንጥላ ነፋሱን አይችልም፤ ኮፍያ ያለው የዝናብ ጃኬትና ውሃ የማያስገባ ጫማ ያዙ።

3. እዚያ መድረስ

ከደብሊን ሂዩስተን ጣቢያ እስከ ትራሊ ከተማ በባቡር 4 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ከትራሊ እስከ ዲንግል 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አውቶቡስ አለ። ባሕር ዳሩን ለመዞር ግን መኪና ይሻላል፤ ወደ መንደሮቹ የሚገባው አውቶቡስ በቀን ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው የሚመጣው።

አየርላንድ ውስጥ የሚነዳው በግራ ነው። ለዚህ አዲስ ከሆናችሁ ከትራሊ ስትመጡ በኮነር ፓስ ተራራ አትምጡ። እይታው ግሩም ነው፤ መንገዱ ግን በቦታ ቦታው ለአንድ መኪና ብቻ ነው የሚበቃው። በአናስኮል በኩል ያለው መንገድ ይቀላል። ማታ ዲንግል ከተማ እደሩ። በጁላይና በኦገስት ክፍል ቶሎ ስለሚያልቅ ቀድማችሁ ያዙ።

አንድ ነገር እንዳያደናግራችሁ። አካባቢው የአይሪሽ ቋንቋ የሚነገርበት፣ እነሱ ጌልታክት የሚሉት ክልል ነው። ዲንግል በአይሪሽ «አን ዳንገን» ይባላል፤ የመንገድ ምልክቱም ብዙ ጊዜ የአይሪሹን ስም ነው የሚጽፈው። የየመንደሩን የአይሪሽ ስም ማታውኑ ስልካችሁ ላይ መዝግቡ።

ሰላምታቸውንም ተማሩ። «ዲያ ግዊት» ይላሉ፤ «እግዚአብሔር ካንተ ጋር» እንደ ማለት ነው። መልሱ «ዲያስ ሙረ ግዊት» ነው፤ «እግዚአብሔርና ማርያም ካንተ ጋር»። እኔ ይህን ስሰማ ጠዋት በግቢያችን አጥር በኩል የሚሰማው የአዛውንቶች ሰላምታ ነው ትዝ ያለኝ።

4. በሰዓት ዘንግ አዟዟር ንዱ

ከከተማ ወደ ምዕራብ ውጡ፤ በቬንትሪ በኩል። ትላልቅ አውቶቡሶች የሚዞሩት በዚህ አቅጣጫ ነው። በተቃራኒው ከመጣችሁ ገደል አፋፍ ላይ ፊት ለፊት ትገጣጠማላችሁ፤ የኋሊት መመለስም ሊመጣ ነው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሳይሞላ ብትነሱ ደግሞ መንገዱን ከአውቶቡሶቹ በፊት ታገኙታላችሁ።

ዳቦም ቆሎም ያዙ፣ ሻይ በፔርሙስ። በመንገዱ ላይ ሱቅ እንደ ልብ አይገኝም።

5. ፋሃን ላይ ቁሙ

ከቬንትሪ አልፎ በስተቀኝ፣ ተዳፋቱ ላይ፣ የንብ ቀፎ የሚመስሉ የድንጋይ ጎጆዎች አሉ። ያለ ጭቃ፣ ያለ ኖራ የተካቡ ናቸው። የሚገኙት በገበሬዎች መሬት ላይ ስለሆነ ባለቤቱ ትንሽ ገንዘብ ያስከፍላል። ሳንቲም ያዙ። በር ከፍታችሁ ከገባችሁ መልሳችሁ ዝጉ፤ በጎች አሉ። ካቡ ላይ አትውጡ።

ቀጥሎ መንገዱ ስሙን ያገኘበት አፋፍ፣ ስሌይ ሄድ፣ ይመጣል። መታጠፊያው ላይ ነጭ የስቅለት ሐውልት ቆሟል። ሰማዩ ከጠራ ወደ ደቡብ ተመልከቱ፤ ሁለት ሹል ደሴቶች ከውሃው ወጥተው ይታያሉ፣ ስኬሊግ ይባላሉ። በትልቁ አናት ላይ መነኮሳት ከ600 በላይ የድንጋይ ደረጃ ዘርግተው ይኖሩ ነበር። በፈረንጆቹ 1996 በዩኔስኮ ተመዝግቧል። እዚያ መሄድ ሌላ ቀንና ሌላ ጀልባ ይፈልጋል፤ ለዛሬ ከሩቅ ማየቱ ይበቃል።

ከስሩ ኩሚኑል የሚባለው የባሕር ዳር አሸዋ አለ። ያምራል። ግን አትዋኙ፤ የውሃው ጉልበት ወደ ውስጥ ይጎትታል።

6. ብላስኬት፦ መጀመሪያ ታሪኩን፣ ከዚያ ደሴቱን

ዳንኩዊን መንደር ስትደርሱ ባሕሩ ማዶ ትልቁ ብላስኬት ተጋድሞ ታያላችሁ። ሰው የማይኖርበት ደሴት ነው። ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት ግን ከ150 በላይ ሰው ነበረበት። ሐኪም የለም፣ ቄስ የለም፤ ማዕበል ሲነሳ መሻገሪያም የለም። ወጣቱ አንድ በአንድ ወደ አሜሪካ ሄደ፤ ብዙዎቹ ማሳቹሴትስ ውስጥ ስፕሪንግፊልድ ከተማ ሰፈሩ። በፈረንጆቹ 1947 ደሴተኞቹ ማዕበል እንደዘጋቸውና የሚበሉት እንዳለቀባቸው ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ለዴ ቫሌራ ቴሌግራም ላኩ። በኖቬምበር 17፣ 1953 የቀሩት 22 ሰዎች እንዲነሱ ተደረገ።

መንደሩ ዳር ታሪካቸውን የሚያሳይ ማዕከል አለ። በመንግሥት ነው የሚተዳደረው፣ መግቢያ ይከፈላል፣ በክረምታቸው ይዘጋል። ቢያንስ አንድ ሰዓት ተኩል መድቡለት። እነዚያ ድሆች ዓሣ አጥማጆች ሕይወታቸውን በራሳቸው ቋንቋ ጽፈው ያቆዩ ሰዎች ናቸው፤ ዛሬም አይሪሽ የሚማር ሰው ያነባቸዋል። ከውስጥ ስትወጡ ቶሎ መኪና ውስጥ አትግቡ። ደሴቱን እንደገና እዩት። ቤቱን ዘግቶ ለተሰደደ ሰው፣ ወይም የተሰደደ ልጅ ላለው ቤተሰብ፣ ይህ ቦታ ከሁሉም የበለጠ ይነካል ብዬ አምናለሁ።

በበጋቸው በጀልባ መሻገር ይቻላል፤ አየሩ ከፈቀደ ብቻ። ጠዋት ደውሉና ጠይቁ። ወደ ዳንኩዊን ወደብ የሚወርደው ጠመዝማዛ መንገድ ለእግረኛ ነው፤ መኪናችሁን ላይ አቁሙና በእግር ውረዱ።

7. ሪያስክን አትዝለሉ

ባሊፌሪተር የምትባለው መንደር አጠገብ ነው። ብዙ ሰው ያልፈዋል፤ የቀረው ዝቅ ያለ የካብ ግድግዳ ብቻ ነውና። የትንሽ ገዳም ፍርስራሽ ነው። መሀሉ ላይ የቆመውን ድንጋይ ግን ቀረብ ብላችሁ እዩ። በክብ ውስጥ መስቀል፣ ከስሩ የሚጠማዘዙ ሐረጎች ተቀርጸውበታል። የእኛን የእጅ መስቀል ሐረግ የሚያውቅ ዓይን እዚህ ጋ ይቆያል።

8. ጋላረስ፦ አመሻሹን ጠብቁ

የቀኑ ልብ ይሄ ነው። ጋላረስ ትንሽ የጸሎት ቤት ነው። ውስጡ 4 ሜትር ተኩል በ3 ሜትር ገደማ ብቻ። የተገለበጠ ጀልባ ይመስላል። ግድግዳና ጣሪያ ተለይቶ የለም፤ እያንዳንዱ የድንጋይ ድርድር ከስሩ ካለው ትንሽ ወደ ውስጥ እየገባ፣ እየገባ፣ አናት ላይ ይገናኛል። ድንጋዮቹ ወደ ውጭ በትንሹ ዘንበል ተደርገው ነው የተካቡት፤ ስለዚህ ዝናቡ ወደ ውጭ ይፈሳል። መቼ እንደተሠራ ሊቃውንቱ አልተስማሙም። 6ኛው ክፍለ ዘመን የሚሉ አሉ፣ 12ኛውን የሚሉም አሉ።

በሩ ወደ ምዕራብ ነው። በስተ ምሥራቅ አንዲት ጠባብ መስኮት አለች። ከምዕራብ ገብቶ ፊትን ወደ ምሥራቅ መመለስ ለእኛ ማንም የማያስረዳን ነገር ነው። ወደ ምሽት ስትደርሱ ፀሐይዋ በበሩ ቀጥታ ትገባለች። አስጎብኚ አውቶቡሶች ያን ጊዜ ሄደዋል። ረጅሙን ቀን የፈለግነው ለዚህ ነበር። ጎንበስ ብላችሁ ግቡ፣ ጥግ ያዙ፣ አሥር ደቂቃ ዝም በሉ።

አጠገቡ ያለው የግል ማዕከል ለመኪና ማቆሚያና ለአገልግሎቱ ያስከፍላል። የጸሎት ቤቱ ግን የሕዝብ ቅርስ ነው፤ በእግረኛ መንገዱ በነፃ ይደረሳል።

እዚህ የኖሩት መነኮሳት ምንኩስናን ከየት ተማሩት? አርአያቸው የግብፅ በረሃ ነበር። አየርላንድ ውስጥ «ዲሰርት» የሚል የቦታ ስም ብዙ ነው፤ በረሃ፣ የመናኝ ቦታ ማለት ነው። ሙን በምትባል ሌላ መንደር ያለው ትልቅ የድንጋይ መስቀል ላይ አባ እንጦንስና አባ ጳውሊ ተቀርጸዋል፤ ቁራ እንጀራ ያመጣላቸው ሁለቱ አባቶች። እኛም ገዳማችንን የምንመዝዘው ከእነዚሁ አባቶች ነው።

9. ኪልማልኬደር፦ ሰዓቱን አንብቡ

ከጋላረስ ጥቂት ደቂቃ ነው። ጣሪያው የሌለ የ12ኛው ክፍለ ዘመን ቤተ ክርስቲያን፣ ዙሪያውን መቃብር። ሰው አሁንም ይቀበርበታልና በመቃብር መሀል ስትሄዱ ተጠንቀቁ።

ሦስት ድንጋዮችን ፈልጉ። አንደኛው የላቲን ፊደል የተቀረጸበት ነው። ሁለተኛው ቀጥ ብሎ የቆመና አናቱ ላይ ቀዳዳ ያለው የኦገም ድንጋይ ነው። ኦገም የጥንት አይሪሾች ፊደል ሲሆን በድንጋዩ ጠርዝ ላይ በተጫሩ መስመሮች ይጻፋል። የሚነበበው ከታች ወደ ላይ ነው።

ሦስተኛው የፀሐይ ሰዓት ነው። የቆመው የጸሎት ሰዓት ለመለየት ነው። ቀኑን የሚቆጥሩት ከፀሐይ መውጫ ነበር፤ ሦስት ሰዓት፣ ስድስት ሰዓት፣ ዘጠኝ ሰዓት። ይህ የእኛው አቆጣጠር ነው! የዛሬው አይሪሽ «ዘጠኝ ሰዓት» የሚለውን ጠዋት፣ የዚያ ዘመን መነኩሴ እንደ እናንተ «ሦስት ሰዓት» ነበር የሚለው።

10. ሁለተኛ ቀን ካላችሁ

የቅዱሳን መንገድ የሚባል የ18 ኪሎ ሜትር የእግር ጉዞ አለ። ከቬንትሪ ባሕር ዳር ተነስቶ፣ በጋላረስና በኪልማልኬደር አልፎ፣ ብራንደን ተራራ ስር ያበቃል። ተራራው በመርከበኛው ቅዱስ ብሬንዳን ስም የሚጠራ ነው። መንገዱን በሙሉ መጓዝ ግዴታ አይደለም፤ ግማሹም ይበቃል።

በአካባቢው የተቀደሱ ምንጮች ታገኙ ይሆናል። ጠበል ናቸው፤ ሌላ ቃል አያስፈልገውም። ምዕመናን በቅዱሱ ቀን እየጸለዩ በስተቀኝ ይዞሯቸዋል። የተተወ ሳንቲም፣ መቁጠሪያ ወይም የታሰረ ጨርቅ ብታዩ አትንኩ፤ የሰው ስለት ነው።

ብራንደን 952 ሜትር ነው። ጫፉን ደመና ከሸፈነው አትውጡ፤ ደመናው ወርዶ መንገድ ያጠፋል። የቅዱሳን መንገድ በሚያበቃበት ቁሙና፣ መኪናችሁ ቬንትሪ ስለቀረ የሚመልሳችሁን ታክሲ ጠዋት ከመነሳታችሁ በፊት ቅጠሩ።