ጀልባው ካለፈ በኋላ የሚመጣው ሞገድ፦ ሐሮማያ ላይ ደጋግመን የምንሠራቸው ስህተቶች

እኛ ድሬዎች ውሃን የምናውቀው ከተማችንን አቋርጦ በሚያልፈው በደቻቱ ወንዝ ነው። ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ሆኖ ይተኛል። ከዚያ አንድ ሌሊት ይመጣል። በ1998 ክረምት በጎርፉ ያደረገውን የድሬ ሰው አይረሳውም። ስለዚህ ውሃ ስናይ ወይ እንሸሻለን፣ ወይ «ጥልቀቱ ስንት ነው?» ብለን እንጠይቃለን። ሐይቅ ላይ በጀልባ ሲወጣ ግን ሌላም መጠየቅ ያለበት ነገር አለ። እኔ የተማርኩት በፔርሙዝ ሻይ ከፍዬ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሙቀቱ ሲያስመርረን የደንገጎን ዳገት ወጥተን ሐሮማያ ሐይቅ ሄድን። እኔ፣ እህቴ፣ ሁለት ልጆቿ፣ አንድ ፔርሙዝ ሻይ፣ አንድ ፌስታል ሳምቡሳ። የሞተር ጀልባ ይዘን ወጣን። መሃል ላይ ስንደርስ ሌላ ጀልባ ሙዚቃውን ከፍቶ በአጠገባችን ሽው አለ። ልጆቹ እጃቸውን አውለበለቡ። እኔም ካለፈ በኋላ «በቃ ረጋ አለ» ብዬ ፎቶ ላነሳ ብድግ አልኩ።

ያኔ መጣ። ጀልባዋን ከጎኗ አንስቶ ወዘወዛት። እኔ እህቴ ላይ ወደቅኩ። ፔርሙዙ ሐይቅ ገባ። ሳምቡሳው ተረፈ። ጀልባ ነጂያችን ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው። «አብሽር» አሉኝ መጀመሪያ። ቀጥለው «ልጄ፣ የሚቆመው ጀልባው ካለፈ በኋላ አይደለም፤ ሞገዱ ካለፈ በኋላ ነው» አሉኝ።

ለዚህ ነገር ቁርጥ ያለ ስም የለንም። ማዕበል ብንለው ነፋስ ያመጣው ይመስላል። እኔ «የጀልባ ሞገድ» እለዋለሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ብዙ ጊዜ ተመላልሼ ስህተቶቻችንን ታዝቤያለሁ። ግማሹ የራሴ ነው።

አለፈ ብሎ መዝናናት

የኔ ስህተት ይሄ ነበር። ጀልባ ውሃውን ሰንጥቆ ሲሄድ ከኋላው ሞገዱ በግራና በቀኝ እንደ ተከፈተ መቀስ ይዘረጋል። ሞገዱ ከጀልባው በጣም ይዘገያል። ሃምሳ ሜትር ርቆ ያለፈ ጀልባ ሞገዱ እናንተ ጋ እስኪደርስ ግማሽ ደቂቃ ሊፈጅ ይችላል። ግማሽ ደቂቃ ማለት ለመርሳት በቂ ጊዜ ነው። ስልክ ይወጣል፣ ሻይ ይቀዳል፣ ልጅ ከዚህ ወደዚያ ይሻገራል።

አንድ ብቻም አይደለም። ተከታትለው ነው የሚመጡት። ብዙ ጊዜ ትልቁ የመጀመሪያው አይደለም። የመጀመሪያውን ተቀብሎ «ይሄው ነው እንዴ!» ያለ ሰው በሦስተኛው ይረጥባል።

ደግሞ «ሩቅ ነው ያለፈው» የሚለው አያስተማምንም። የጀልባ ሞገድ ቶሎ አይሞትም። ርቀቱን እጥፍ ብታደርጉት ቁመቱ የሚቀንሰው በአንድ አምስተኛ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ጀልባ ሲያልፍ ጀልባውን ሳይሆን ከኋላው ያለውን ውሃ እዩ። እንደ ብረት የሚያብለጨልጭ መስመር ወደናንተ ሲመጣ ታዩታላችሁ።

ጎን መስጠት

ጀልባ ከፊቱ ጠንካራ ነው፣ ከጎኑ ደካማ። የአብዛኛው ትንሽ ጀልባ ጎን ዝቅ ያለ ነው። ሞገዱ በጎን ሲመጣ ጀልባዋ ወደ አንድ ወገን ትጋደላለች፤ ሰውም አብሮ ይንሸራተታል፤ ክብደቱ ሁሉ ዝቅ ወዳለው ጎን ይሄዳል። ቀጣዩ ሞገድ ሲደርስ ውሃው ከአፏ ላይ ተሻግሮ ይገባል። ጀልባ የሚገለብጠው ብዙውን ጊዜ የሞገዱ ትልቅነት ብቻ አይደለም። የሞገዱና የሰዉ መንሸራተት ሲገጣጠም ነው።

መፍትሔው አፍንጫዋን ወደ ሞገዱ ማዞር ነው። ግን ፊት ለፊት ቀጥ ብሎ መግጠምም የራሱ ጣጣ አለው። አጭር ጀልባ ከሆነች ትነሳና ጧ ብላ ትወድቃለች፤ አንዳንዴም አፍንጫዋ ቀጣዩ ሞገድ ውስጥ ይቀበራል። ስለዚህ ትንሽ ሰያፍ አድርጓት። የኛ ባጃጅ የመንገድ ጉብታ ላይ ሲደርስ እንዴት ነው የሚወጣው? አንድ ጎማ ቀድሞ፣ ሌላው ተከትሎ። ልክ እንደዚያ። ከፊት ለፊት ጠመም አድርጎ መግጠም፣ ቢበዛ እስከ 45 ዲግሪ፣ ለትንሽ የሞተር ጀልባ ይስማማል። በቀዘፋ የምትሄድ ቀላልና ጠባብ ጀልባ ግን ለጎን ምት በጣም ስስ ናት። እሷን ይበልጥ ፊት ለፊት አድርጓት።

ከሞገድ መሸሽ የሚሞክርም አለ። ነዳጅ ይሰጥና ይፈተለካል። ፍጥነት ሳይዝ ሞገዱ ሊደርስበት ይችላል፤ ያውም ከኋላ፣ በሞተሩ በኩል፣ ጀልባዋ ዝቅ በምትልበት። ዞር ብሎ መቀበል ይሻላል።

ደንግጦ ሞተር መቁረጥ

ይሄኛውን ማንም አይጠረጥረውም። በፍጥነት እየሄዳችሁ ነው። ፊት ለፊት ሞገድ አያችሁ። ደንግጣችሁ ነዳጁን ሙሉ በሙሉ ቆረጣችሁ። ጀልባዋ ቆመች። ግን የራሷ ሞገድ አልቆመም፤ ከኋላ ሲከተላት ነበር። አሁን ደርሶ በሞተሩ በኩል ዘሎ ይገባል። ከፊት የሌላው ሞገድ፣ ከኋላ የራስ ሞገድ። የሞተሩ በኩል ዝቅ ባለ ጀልባ ላይ አንድ ባልዲ ውሃ እግር ሥር ሲገባ አይቻለሁ።

ቀደም ብሎ ቀስ በቀስ መቀነስ ነው። ሙሉ በሙሉም አታጥፉት። ሞተር የጠፋበት ጀልባ መሪ የለውም፤ ሞገዱ እንደፈለገ ያዞረዋል፣ ብዙውን ጊዜም በጎን።

ጃኬቱን መቀመጫ ማድረግ

ሐይቅ ዳር ላይፍ ጃኬት ስትጠይቁ ይሰጣችኋል እንበል። ሰው ምን ያደርገዋል? ይቀመጥበታል። ወንበሩ ጠንካራ ነዋ! ወይም ትከሻው ላይ ጣል ያደርገውና ማሰሪያውን ይተወዋል፤ ለፎቶ እንዳይሸፍነው። ያልታሰረ ጃኬት ውሃ ውስጥ ስትገቡ እሱ ለብቻው ይንሳፈፋል፣ እናንተ ለብቻችሁ። በተለይ ለኛ። ድሬ ተወልዶ ዋና የሚችል ስንት ሰው ታውቃላችሁ? ለልጅ ደግሞ የልጅ ልክ መሆን አለበት። የትልቅ ሰው ጃኬት ልጅ ላይ ከአንገት በላይ ያመልጣል።

አቀማመጥም አለ። ሞገድ ሲመጣ ሁሉም ለማየት በአንድ ጎን ይሰበሰባል። አይሆንም። መሃል፣ ዝቅ ብሎ፣ እጅ የሚጨበጥ ነገር ይዞ። ልጆች የሚሻሙበት የፊቱ ወንበር ጀልባዋ በምትዘልበት ጊዜ ከሁሉ በላይ የሚነጥረው እሱ ነው። ወገቡን የሚያመው ሰው እዚያ መቀመጥ የለበትም። እና በርጫ ዘርግቶ፣ ሦስት ሰው በአንድ ጎን ተጋድሞ መሄድ… አቦ፣ ያ ነገር ለሳሎን ነው።

ግማሽ ፍጥነት ጨዋነት ይመስለናል

አሁን ወደ ነጂዎቹ ልምጣ። ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

ጥሩ ነጂ ሰው ሲያይ ትንሽ ይቀንሳል። ግማሽ ያደርገዋል። «ቀስ ብዬ ነው ያለፍኩት» ይላል፤ ከልቡ ነው። ግን ብዙ ጊዜ ትልቁን ሞገድ የሚሠራው ይሄው ግማሽ ፍጥነት ነው።

ምክንያቱ ይሄ ነው። ጀልባ በጣም ቀስ ሲል ውሃው ውስጥ ተኝቶ ይሄዳል፤ ውሃውን ብዙ አይገፋም። በጣም ሲፈጥን ደግሞ ተነስቶ በውሃው ላይ ይንሸራተታል። በሁለቱ መካከል ሲሆን ግን አፍንጫው ወደ ሰማይ ይነሳል፣ ኋላው ይሰምጣል፣ ውሃውን እንደ ዶዘር ይገፋል። ትልቁ ሞገድ የሚወለደው ያኔ ነው። ኋላ ላይ ብዙ ሰው ከተቀመጠ ደግሞ ይብሳል።

የሞገድ ጉልበት ከቁመቱ ጋር እኩል አያድግም። ቁመቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ትንሽ ከፍ ያለ የሚመስለው ሞገድ በምቱ ሌላ ነገር ነው።

እንዴት ይታወቃል? አፍንጫውን ማየት ነው። ከተነሳ ገና ፈጣን ነህ። ጀልባው ተስተካክሎ እስኪተኛ ድረስ ቀንስ። ሌላው መለኪያ ዞር ብሎ ማየት ነው። ከኋላህ ያለው ውሃ ካልነጣና ካልተቆለለ ትክክል ነህ። የመኪና ልማድ ነው መሰለኝ የሚያሳስተን፤ መንገድ ላይ ከኋላችን የምንተወው አቧራ ብቻ ስለሆነ ዞር ብለን አናይም።

መቀነስም ያለበት አጠገብ ሲደረስ አይደለም። ሌላው ጀልባ አጠገብ ደርሶ መቁረጥ ማለት ከኋላ የነበረውን ሙሉ ሞገድ ለእሱ መላክ ነው። ከሩቅ ነው የሚጀመረው።

ዳር ዳሩን መጋለብ

ሐሮማያ እንደ ማንኛውም ሐይቅ አይደለም። ትላልቆቹ እስካሁን አለማያ ይሉታል። ሐረር ለዓመታት የጠጣችው ውሃውን ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ ደረቀ። ጭራሽ። ለጫትና ለአትክልት በፓምፕ የሚሳበው፣ ከተራራው የሚወርደው ደለል፣ ትነቱ፣ ሁሉም ተረባረበበት። ሐረር ተጠማች፤ በኋላ ውሃው ከኛ ከድሬ ቆላ ተስቦ ወጣላት። ከዚያ ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ቆይቶ ሐይቁ ተመለሰ። ከብት ሲግጥበት ባየነው ሜዳ ላይ ዛሬ በጀልባ እየሄድን ነው።

ይህን ያነሳሁት ለትዝታ አይደለም። ሐይቁ ጥልቅ አይደለም፤ ሥሩም ጭቃ ነው። ሞገድ ደግሞ የሚሠራው ላይ ላዩን ብቻ አይደለም። በየሁለት ሰከንዱ የሚመጣ ሞገድ ከጫፍ እስከ ጫፍ ስድስት ሜትር ገደማ ይረዝማል። እንዲህ ያለው ሞገድ ጥልቀቱ ከሦስት ሜትር ባነሰ ቦታ ወለሉን መንካት ይጀምራል። ጭቃውን ያነሳዋል፣ ውሃው ይደፈርሳል፣ ለም የሆነው ነገር ተበጥብጦ አልጌ ይቀልባል። ዳሩም ይቦረቦራል። የተቦረቦረው አፈር የት ይሄዳል? እዚያው ሐይቅ ውስጥ። አንዴ የገደለው ደለል ማለት ነው።

ዳር ላይ ደግሞ ሰው አለ። ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች፣ የሚንቦጫረቁ ልጆች፣ መረብ የዘረጋ ዓሣ አጥማጅ። በሣሩ ውስጥ የወፍ ጎጆ አለ፤ አንድ ጥሩ ሞገድ እንቁላሉን ያጥበዋል። በአሜሪካ አንዳንድ ግዛቶች ከዳር ሠላሳ ሜትር ውስጥ ሞገድ በማያስነሳ ፍጥነት ብቻ ነው የሚኬደው። ሆን ብለው ትልቅ ሞገድ ለሚሠሩ የስፖርት ጀልባዎችማ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2022 ከ150 ሜትር በላይ መራቅን መክረዋል። እኛ ሜትር ይዘን አንዞርም። ግን ልብስ የምታጥብ ሴት ፊት በደንብ ከታየህ በጣም ቀርበሃል።

በዚያው ላይ፦ ጀልባ ዳር ሲታሰር ገመዱን እንደ ፍየል ማሳጠር አያስፈልግም። ሞገድ ሲመጣ ከፍ ዝቅ የሚልበት ትርፍ ስጡት። አለዚያ ወይ ገመዱ ይበጠሳል ወይ ጎኑ ድንጋይ ላይ ይላጋል።

ሐይቅ ላይ መሰዳደብ

ፔርሙዜ የገባ ቀን የተናገርኩትን እዚህ አልጽፈውም። ማንም አልሰማኝም፤ ሰውዬው ሙዚቃ ከፍቷል፣ ሞተሩ ይጮሃል፣ ሄዷል። አንዳንዱ ደግሞ ይበቀላል። ተከትሎ ይሄድና የራሱን ሞገድ ይልካል። መሃል ላይ ያለው ሦስተኛ ጀልባ የሁለቱንም ይቀበላል።

ዳር ስትደርሱ አነጋግሩ። የጀልባውን ቀለም ወይም ቁጥር ያዙ፤ ማኅበር ካላቸው ለማኅበሩ ንገሩ። ስትናገሩም «አንተ አጥፊ» ብላችሁ አትጀምሩ። ከሳምንት በኋላ ስመለስ ያንን ባለሙዚቃ ዳር ላይ ሻይ ሲጠጣ አገኘሁት። ወጣት ልጅ ነው። ቁጣዬም በርዶ ነበር። ሙሉ ሂሳብ ከፍዬ አንድ ዙር ውሰደኝ አልኩት። መሃል ስንደርስ ግማሽ ፍጥነት እንዲያደርገው ጠየቅኩት፤ አፍንጫዋ ተነሳ። «አሁን ዞር በል» አልኩት።

ዞረ። ሙዚቃውን ቀነሰ። ትንሽ ቆይቶ «አቦ፣ ይሄን ሁሉ የምሠራው እኔ ነኝ?» አለኝ።